ሮሜል ወይስ ሞንትጎመሪ? ስለ ሰሜን አፍሪካው የታንክ ጦርነት ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በሊቢያና በግብፅ በረሃ ከ1940 እስከ 1943 ስለተካሄደው ጦርነት ከአንባቢያን የደረሱን ጥያቄዎች በርከት ስላሉ የዚህን እትም ዓምድ በሙሉ ለእነሱ ሰጥተናል። ተቀራራቢ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን በአጭሩ አቅርበናቸዋል። ካልተገለጸ በቀር ዘመኖቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ በሁለት ጎራ ተከፍለዋል። አንዱ ወገን የጀርመኑ ጄኔራል ሮሜል ነዳጅ ባያጥረው ኖሮ ማንም አይችለውም ነበር ሲል፣ ሌላው ደግሞ ያሸነፈው የእንግሊዙ ጄኔራል ሞንትጎመሪ ስለሆነ ክርክሩ እዚያው ያበቃል ይላል። እናንተስ ለየትኛው ትፈርዳላችሁ?

መልስ፦ ተማሪዎችዎ ሁለት ሰዎችን ብቻ ማነጻጸራቸው ፍርዱን ገና ከመነሻው ያጣምመዋል፤ ምክንያቱም ሮሜልን በግብፅ ደጃፍ ላይ ያቆመው ሞንትጎመሪ ሳይሆን ከእሱ በፊት የነበረው ጄኔራል ክሎድ ኦኪንሌክ ነው። ወደ እሱ ከመድረሳችን በፊት ግን የጦር ሜዳውን ጠባይ ማየት ያስፈልጋል። ጣሊያንና ጀርመን ስንቅና ነዳጃቸውን በዋናነት የሚያራግፉት በትሪፖሊ ወደብ ሲሆን፣ የእንግሊዞች ደጀን ደግሞ እስክንድርያና የስዊዝ ቦይ አካባቢ ነበር። ከትሪፖሊ እስከ ኤል አላሜይን ከ2000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ በዚህ ሁሉ ርቀት ከባድ ጭነት የሚችለው መንገድ የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ የሚሄደው አንዱ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ስለዚህ ድል አድራጊው ጦር ወደ ፊት በገፋ ቁጥር ከወደቡ ይርቃል፤ ነዳጅ የሚያመላልሱለት ካሚዮኖችም ከሚያደርሱት ነዳጅ ብዙውን ራሳቸው በመንገድ ይጨርሱታል። የተሸነፈው ግን ባፈገፈገ መጠን ወደ መጋዘኑ እየቀረበ ይጠናከራል። ግንባሩ ከ1940 መጨረሻ እስከ 1942 አጋማሽ ድረስ አንዴ ወደ ምሥራቅ፣ አንዴ ወደ ምዕራብ ሲመላለስ የከረመው ከዚህ የተነሣ ነው። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ የጦር መሪ ችሎታ ጠላትን በመስበሩ ብቻ ሳይሆን የት ላይ መቆም እንዳለበት በማወቁም ይለካል።

ሮሜል ጠላትን በመስበር በኩል አቻ አልነበረውም። ትሪፖሊ የገባው ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1941 ሲሆን፣ የተሰጠው ትእዛዝም የተንኮታኮተውን የጣሊያን ጦር ደግፎ እንዲከላከል የሚል ነበር። እሱ ግን ማርች 24 ቀን ኤል አጌይላን ከያዘ በኋላ የበላዮቹን ፈቃድ ሳይጠብቅ ገሠገሠ። እንግሊዞች ከጦራቸው ብዙውን ወደ ግሪክ ልከው ስለነበር፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከቶብሩክ ወደብ በቀር ምሥራቅ ሊቢያን በሙሉ ለቀቁ። ከሁለት ወር በፊት ጣሊያኖችን ድል ያደረገው ጄኔራል ሪቻርድ ኦኮነር ራሱ በዚያው ግርግር፣ በሌሊት መኪና ሲጓዝ በጀርመን ቃፊሮች እጅ ወደቀ።

ከሁሉም በላይ ጥበቡ የታየው ግን በሜይ 1942 ከቶብሩክ በስተ ምዕራብ ባለችው በጋዛላ ነው። እንግሊዞች ከባሕሩ ጀምሮ በደቡብ እስከ ቢር ሐኪም ድረስ ፈንጂ ቀብረው፣ በመካከሉም በሽቦና በፈንጂ የታጠሩ የብርጌድ ምሽጎችን ሠርተው ነበር። ሮሜል በ26ኛው ቀን ሌሊት ወደ 10,000 የሚጠጉ ተሽከርካሪዎችን አስከትሎ በደቡብ በኩል ዞረና ከጀርባቸው ገባ። ሆኖም ቢር ሐኪምን የያዘው የጄኔራል ኬኒግ የነጻ ፈረንሳይ ብርጌድ አልበገር አለው፤ ግራንት የተባሉት አዳዲስ አሜሪካ ሠራሽ ታንኮችም ያልጠበቀውን ጉዳት አደረሱበት። ጥቂት ቀናት ሳይሞሉት ነዳጅና ውሃ እያለቀበት፣ ከኋላው የእንግሊዞች የፈንጂ ሜዳ፣ ከፊቱ ታንኮቻቸው ሆነው መካከል ላይ ቀረ። በዚህን ጊዜ ያደረገው ነገር እስከ ዛሬ በጦር ትምህርት ቤቶች ይጠናል። ፀረ ታንክ መድፎቹን ወደ ምሥራቅ አዙሮ አጥር ካበጀ በኋላ፣ የፈንጂውን ሜዳ ከውስጥ ወደ ምዕራብ በስቶ የስንቅ መንገድ ከፈተ፤ በመንገዱ ላይ የተገኘውን የ150ኛውን ብርጌድ ምሽግም ጁን 1 ቀን ደመሰሰ። የእንግሊዙ ስምንተኛ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሪቺና የበታቾቹ እነዚያን ቀናት ሲመክሩ አሳለፏቸው፤ ባጠቁም ጊዜ ብርጌዶቹን አንድ ባንድ ስለላኩ እያንዳንዱ በተራው ተመታ። ጁን 21 ቀን ቶብሩክ ከ30,000 በላይ ከሚሆኑ ተከላካዮች ጋር እጅ ሰጠች፤ በማግሥቱም ሮሜል ፊልድ ማርሻል ሆነ።

የሮሜል ውድቀት የሚጀምረው ከዚሁ ድል ነው። አስቀድሞ የተያዘው ዕቅድ ቶብሩክ ከተያዘች በኋላ ጦሩ በግብፅ ድንበር ላይ እንዲቆም፣ አውሮፕላኖቹም ወደ ማልታ ወረራ እንዲዞሩ ነበር፤ የጣሊያንን የጭነት መርከቦች የሚያሰጥሙት አውሮፕላኖችና ሰርጓጅ መርከቦች የሚነሡት ከዚያች ደሴት ነበርና። በሜዲትራኒያን አካባቢ የጀርመን አየር ኃይል አዛዥ የነበረው ፊልድ ማርሻል ኬሰልሪንግ ከዚህ ዕቅድ መውጣት አይገባም ብሎ ተከራከረ። ሮሜል ግን በቶብሩክ የተማረከው ነዳጅና ካሚዮን እስከ ናይል ያደርሰኛል ብሎ ሂትለርንና ሙሶሊኒን አሳመነ። እንግዲህ ተማሪዎችዎ "ነዳጅ ባያጥረው ኖሮ" ሲሉ እጥረቱን ከሰማይ የወረደ መዓት ያስመስሉታል፤ ነገር ግን እጥረቱ በአመዛኙ የገዛ ውሳኔው ውጤት ነው። አንድ ጄኔራል የስንቅ መኮንኖቹ የሚነግሩትን የማይሰማ ከሆነ፣ በስንቅ ማጣት መሸነፉን እንደ ማመካኛ ልናቀርብለት አይገባም።

ኦኪንሌክ የመካከለኛው ምሥራቅ ጠቅላይ አዛዥ ነበር። ጁን 25 ቀን ሪቺን ሽሮ የስምንተኛውን ጦር አመራር በራሱ እጅ ያዘና መከላከያውን በኤል አላሜይን አደረገ። የቦታው ምርጫ ብልህነት ነበረበት፤ ከባሕሩ እስከ ቀጣራ ረባዳ ያለው ስፋት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ረባዳው ደግሞ ጨዋማ ረግረግና ልል አሸዋ ስለሆነ ታንክ አያሳልፍም። ሮሜል እንደ ልማዱ በደቡብ ዞሮ የሚገባበት ቀዳዳ አልነበረም። ጁላይ 1 ቀን ሲያጠቃ የሮሜል ዋነኛ የታንክ ጦር በሆነው በጀርመኖቹ የአፍሪካ ኮር እጅ የቀሩት ታንኮች 55 ብቻ ነበሩ። 18ኛው የህንድ ብርጌድ በዴይር ኤል ሼይን በመጨረሻ ቢደመሰስም፣ ያን ቀን ሙሉ ይዞ አቆያቸው። ከዚያ በኋላ ኦኪንሌክ ጀርመኖቹን ትቶ የጣሊያን ክፍለ ጦሮችን እየመረጠ መምታት ጀመረ፤ ሮሜልም እነሱን ለማዳን ታንኮቹን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሲያመላልስና ያለችውን ነዳጅ ሲያቃጥል ወሩ አለቀ። ካይሮ ውስጥ እንግሊዞች ሰነዶቻቸውን ያቃጥሉ በነበረበት በዚያ ወር የግብፅ ዕጣ የተወሰነው በዚህ ዘዴ ነው።

ቸርችል ኦኪንሌክን በኦገስት የሻረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ምክንያት ትክክል ነበር፤ ሰውየው የበታች አዛዦችን መምረጥ አያውቅበትም፣ ሪቺንም የሾመው እሱ ነው። ሁለተኛው ግን ከሴፕቴምበር አጋማሽ በፊት ለማጥቃት ዝግጁ አልሆንም ማለቱ ነበር። በምትኩ የታጨው ጄኔራል ጎት ኦገስት 7 ቀን አውሮፕላኑ ተመትቶ ስለ ሞተ ሹመቱ ለሞንትጎመሪ ደረሰ፤ ሞንትጎመሪም ያጠቃው ኦክቶበር 23 ቀን ነው። ለአንዱ የተነፈገው ጊዜ ለሌላው ከነትርፉ ተሰጠ ማለት ነው። በዚህ ረገድ ኦኪንሌክ ተበድሏል ብለን እናምናለን።

ሞንትጎመሪን በተመለከተ ተቺዎቹ የሚሉት ብዙው እውነት ነው። ከማንም ጋር የማይስማማ ትምክህተኛ ነበር፤ ከሱ በፊት የነበሩት ሁሉ ምንም እንዳልሠሩ አድርጎ ይናገር ነበር። ጦሩ ግን በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነበር። በገባበት ቀን ማፈግፈግ ከእንግዲህ የለም ብሎ አዘዘ፤ የመምሪያውን ቦታ ከአየር ኃይሉ መምሪያ ጋር አንድ ላይ አደረገ፤ ለወታደሮቹም ምን እንደሚሠሩ ራሱ እየዞረ አስረዳ። በኦገስት መጨረሻ ሮሜል ወደ አላም ሃልፋ ኮረብታ ሲመጣ፣ የእንግሊዝ ታንኮች ከተቆፈረላቸው ጉድጓድ እንዳይወጡ ከለከለ። ጀርመኖቹ ሊያታልሏቸው ቢሞክሩ ማንም አልተከተላቸውም፤ ነዳጃቸው እያለቀ፣ ከአየር እየተደበደቡ ተመለሱ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት የእንግሊዝ ታንከኛ የሚሸሽ ጠላት አይቶ ሳያሳድድ የቀረበት ጊዜ እምብዛም ስለሆነ፣ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

በኦክቶበሩ ውጊያ ሞንትጎመሪ 195,000 ያህል ሰው፣ ከ1000 በላይ ታንክና 900 ሊሞላ ጥቂት የቀረው መድፍ ነበረው፤ በተቃራኒው ወገን የነበሩት ታንኮች ከ500 ብዙም የማይበልጡ ሲሆን፣ ከግማሽ በላዩ ደካሞቹ የጣሊያን ታንኮች ነበሩ። ሮሜል ራሱ በሕመም ምክንያት ኦስትሪያ ነበር፤ ተወካዩ ጄኔራል ሽቱመ በሁለተኛው ቀን በልብ ድካም ስለ ሞተ፣ ኦክቶበር 25 ምሽት ተቻኩሎ ተመለሰ። እንዲህ ባለ ብልጫ ማሸነፍ ምን ያስደንቃል የሚሉ አሉ። ነገር ግን የመጀመሪያው ዕቅድ ከሽፎ ነበር፤ ታንኮቹ በፈንጂው መካከል በተከፈቱት ጠባብ መተላለፊያዎች ተጨናንቀው ቀሩ። ሞንትጎመሪ የማጥቃቱን አቅጣጫ ለወጠ፤ ከግንባሩ ጦር እየቀነሰ አዲስ ተጠባባቂ አዘጋጀ፤ ኖቬምበር 2 ቀንም እንደገና መታ። በዚያ ጧት የብርጋዴር ኩሪ 9ኛ ብረት ለበስ ብርጌድ 94 ታንኮች ይዞ በተደረደሩ ፀረ ታንክ መድፎች ላይ ገባና ከ70 በላዩን አጣ። ዋጋው ከባድ ነበር፤ ነገር ግን ሮሜል የሚተካው ስላልነበረው የመከላከያ መስመሩ ተሰነጠቀ። ሂትለር ኖቬምበር 3 ቀን አንድ እርምጃ እንዳያፈገፍጉ ያዘዘው ትእዛዝ ደግሞ መውጣት ይችሉ የነበሩትን ጭምር አስቀረ። ከዚያ በኋላ የሞንትጎመሪ ጉድለት ታየ፤ ማሳደዱ ዘገምተኛ ስለነበር ሮሜል የተረፈውን ጦር ይዞ እስከ ቱኒዚያ ደረሰ።

ስለዚህ ጥቂት ታንክ ይዞ ሜዳ ላይ ሊዋጋ ለተገደደ ጦር ሮሜልን እንመርጣለን፤ ብዙ መሣሪያ ይዞ አንድ ወሳኝ ውጊያ ማሸነፍ ላለበት ደግሞ ሞንትጎመሪን። የተሰበረ ጦር ተረክቦ አገር ለማዳን ግን ከሁለቱም ይልቅ ኦኪንሌክ ይሻላል፤ የበታች አዛዦቹን ሌላ ሰው እስከ መረጠለት ድረስ።

ጥያቄ፦ በበረሃው ውጊያ ታንክ ከታንክ ጋር ነበር የሚዋጋው? የጀርመን ታንኮች የበለጡትስ በምን ነበር?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚያስበው ሁለት የታንክ ሰልፎች ፊት ለፊት ተጋጥመው የተታኮሱ አድርጎ ነው። እንዲህ ያለ ውጊያ አልፎ አልፎ ቢኖርም፣ በረሃው ውስጥ ከነደዱት የእንግሊዝ ታንኮች ብዙዎቹን የመታቸው በመሬት ውስጥ የተደበቀ ፀረ ታንክ መድፍ ነው። የጀርመኖቹ ዘዴ ታንኮቻቸውን ብቅ አድርጎ፣ ተኩስ ከፍቶ፣ ከዚያ የሸሹ መስሎ ወደ ኋላ መመለስ ነበር፤ የተከተላቸው የእንግሊዝ ታንክ መድፎቹ የተጠመዱበት ቦታ ላይ ይደርሳል።

የ88 ሚሊ ሜትሩ መድፍ ስም የገነነው በጁን 1941 በግብፅ ድንበር ባለው በሃልፋያ መተላለፊያ ነው። መጀመሪያ የተሠራው ለአውሮፕላን መምቻ ሲሆን፣ እጅግ ፈጣን አረር ስለሚተፋ የታንክን ብረት ከሩቅ ይበሳል። በዚያ ስፍራ ያዝዝ የነበረው ሻምበል ባኽ በሰላሙ ጊዜ ቄስ የነበረ ሰው ነው፤ መድፎቹን አፈሙዛቸው ብቻ ከአፈሩ በላይ እስኪታይ ድረስ አስቀበራቸው። የ78 ሚሊ ሜትር ብረት የለበሱትንና እስከዚያ ቀን ምንም አይበሳቸውም ይባሉ የነበሩትን የእንግሊዞች የማቲልዳ ታንኮች አቅርቦ አቅርቦ ተኮሰባቸው። የታንኮቹ አዛዥ በራዲዮ ያስተላለፈው የመጨረሻ መልእክት ታንኮቼን እየቀዳደዷቸው ነው የሚል ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ እንግሊዞች 91 ታንክ ሲያጡ፣ ጀርመኖቹ ፈጽሞ የጠፉባቸው 12 ብቻ ነበሩ።

በዚያው ዘመን የእንግሊዝ ታንኮች አንድ የማይረሳ ጉድለት ነበረባቸው። በአብዛኞቹ ላይ የተገጠመው ባለ 40 ሚሊ ሜትር መድፍ የሚተኩሰው ድፍን ብረት ብቻ ነበር፤ የሚፈነዳ አረር አልነበረውም። ድፍን ብረት ታንክን ሊበሳ ይችላል፤ በጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ፀረ ታንክ መድፍ የሚተኩስን ሰው ለመምታት ግን በቀጥታ እሱን ማግኘት አለበት። ስለዚህ የእንግሊዝ ታንከኛ መድፉን አይቶት እንኳ ሊያጠፋው ስለማይችል፣ መትረየሱ እስኪደርስ ድረስ እየሮጠ መቅረብ ነበረበት፤ የፈረሰኛ ጦር ልማድም ያው ሩጫ ደፋርነት እንዲመስለው አድርጎት ነበር። ግራንት በመጣ ጊዜ 75 ሚሊ ሜትር መድፉ የሚፈነዳ አረር ስለሚተኩስ ነገሩ ተለወጠ፤ ነገር ግን ትልቁ መድፍ በሚዞረው የታንኩ ራስ ላይ ሳይሆን በጎን ስለተተከለ፣ ለመተኮስ ታንኩ ገላውን ሁሉ ማሳየት ነበረበት። ይህ የተስተካከለው በኤል አላሜይን ከ250 በላይ በተሰለፉት ሸርማን በተባሉት አሜሪካ ሠራሽ ታንኮች ነው። የጀርመን ታንኮች በብረት ውፍረት ያን ያህል የሚበልጡ አልነበሩም፤ የበለጡት ከመድፈኛው፣ ከእግረኛውና ከራዲዮው ጋር በነበራቸው ቅንጅት ነው።

ትምህርቱ በመጨረሻ በራሳቸው በጀርመኖቹና በጣሊያኖቹ ላይ ተመለሰ። ኦክቶበር 26 ለ27 አጥቢያ በኤል አላሜይን አንድ የእንግሊዝ ሻለቃ፣ አዛዡ ኮሎኔል ተርነር፣ 19 አዳዲስ ባለ 57 ሚሊ ሜትር ፀረ ታንክ መድፎች ይዞ ከዋናው ጦር ፊት ገብቶ ተቆፍሮ አደረ። ነጋና በሦስት አቅጣጫ በጠላት መከበቡ ታወቀ። ቀኑን ሙሉ ታንኮች እየመጡበት ከ30 በላዩን አቃጠለ። ጥይት ሲያልቅ አንድ መቶ አለቃ ከተመቱት መድፎች አረር በጂፕ እየሰበሰበ በተኩስ መካከል አደረሰ፤ ጂፑ መድፉ አጠገብ በእሳት ተያያዘ። ካሊስታን የተባለው ሃምሳ አለቃ በተረፈለት ጥይት የቀረቡትን ሦስት የጣሊያን ታንኮች አከታትሎ ከመታ በኋላ በሚነደው ጂፕ ላይ ውሃ ጥዶ ሻይ አፍልቷል ይባላል። ተርነር ጭንቅላቱ ላይ ቆስሎ ከዚያ ወጣ፤ የቪክቶሪያ ክሮስ ሜዳይም ተሸለመ። ታንክን በታንክ ብቻ ማሸነፍ እንደማይገባ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አናውቅም።

ከተኩሱ ውጭ ያለው ሥራም ውጤቱን ይወስን ነበር። የተመታ ታንክ ሁሉ የሞተ አይደለም፤ ሰንሰለቱ የተበጠሰ ወይም ሞተሩ የቆመ ታንክ ተጎትቶ ከተጠገነ ከጥቂት ቀን በኋላ ይመለሳል። ጀርመኖች ሲመሽ በውጊያው ሜዳ ላይ ማደር ልማዳቸው ስለነበር የራሳቸውን እየጎተቱ ያነሡ ነበር፤ እንግሊዞች ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለነዳጅና ለዕረፍት ወደ ኋላ ተመልሰው ክብ ሠርተው ስለሚያድሩ ሜዳውን ለቀው ይሄዳሉ። አሸዋው የአየር ማጣሪያውን እየደፈነ ሞተር ያቃጥላል፤ ክሩሴደር የተባለው ፈጣን የእንግሊዝ ታንክ ደግሞ ገና ሳይዋጋ በመበላሸት የታወቀ ነበር። ነዳጅ የሚያዝበት ዕቃ እንኳ ልዩነት ነበረው። የእንግሊዞቹ ስስ ቆርቆሮ በካሚዮን ላይ እየተጋጨ ስለሚያፈስ ከነዳጁ ብዙው ሳይደርስ ይቀር ነበር፤ ባለ 20 ሊትሩ የጀርመን ጀሪካን ግን ጠብታ አያፈስም። እንግሊዞች የተማረከውን እየሰበሰቡ ከተጠቀሙበት በኋላ አስመስለው ሠሩት፤ ዛሬ በየቤቱ የምናውቀው ጀሪካን ቅርጹን የወረሰው ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ በሊቢያ የተሸነፈው ማርሻል ግራዚያኒ በአዲስ አበባ ሕዝብ የፈጀው ነው? ሌላስ ከእኛ አገር ጦርነት ጋር የሚያያዝ ሰው ነበረ?

መልስ፦ አዎን፣ ራሱ ነው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ሕዝብ ያስፈጀው ሮዶልፎ ግራዚያኒ፣ በጁን 1940 የሊቢያው ገዢ ባልቦ በገዛ ወገኖቹ ፀረ አውሮፕላን ተኩስ ቶብሩክ ላይ ተመትቶ ሲሞት በቦታው ተተካ። ሙሶሊኒ ግብፅን ውረር እያለ ሲወተውተው እስከ ሴፕቴምበር 13 አዘገመ፤ ከዚያም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ገብቶ ሲዲ ባራኒ ላይ ቆመና ምሽግ መሥራት ጀመረ። ጦርነቱ ሲጀመር በሊቢያ የነበሩት የጣሊያን ታንኮች በአብዛኛው መትረየስ ብቻ የታጠቁ ሁለት ሰው የሚይዙ ትንንሽ ታንኮች ነበሩ፤ በዲሴምበር 1935 የልዑል ራስ እምሩ ጦር በደምበጉይና የማረካቸውና የሰባበራቸው ዓይነት ናቸው። መሣሪያ የሌለውን ሕዝብ ለማሸበር የበቃ ዕቃ በማቲልዳ ፊት ምንም አልነበረም። ኦኮነር 30,000 በሚያህል ሰው ዲሴምበር 9 ጀምሮ በሁለት ወር ውስጥ 130,000 ያህል ምርኮኛ ያዘ። ግራዚያኒም ሥልጣኑን ለቀቀ።

ከእኛ ጋር የሚያያዘው ነገር በዚህ አያበቃም። የሲዲ ባራኒው ድል ገና ትኩስ ሳለ ከኦኪንሌክ በፊት ጠቅላይ አዛዥ የነበረው ዌቭል 4ኛውን የህንድ ክፍለ ጦር ከግንባሩ አንሥቶ ወደ ሱዳን ላከው፤ ይህ ጦር ነው በማርች 1941 መጨረሻ የከረንን ምሽግ ከሰበሩት አንዱ። ከኬንያ ተነሥቶ ጦሩን ኤፕሪል 6 ቀን 1941 አዲስ አበባ ያስገባው ጄኔራል አለን ካኒንግሃም ደግሞ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የስምንተኛው ጦር የመጀመሪያ አዛዥ ሆነ። በምሥራቅ አፍሪካ ፈጣን የነበረው ይህ ሰው ከዚያ በፊት ብዙ ታንክ አዝዞ አያውቅም። ኖቬምበር 18 በሮሜል ላይ ባጠቃ በአምስተኛው ቀን የታንኮቹን መጥፋት ሲሰማ ማፈግፈግ አሰበ። ኦኪንሌክ ከካይሮ በአውሮፕላን መጥቶ ቀጥል አለው። በማግሥቱ ሮሜል ታንኮቹን ይዞ ወደ ግብፅ ድንበር ሲሮጥ የእንግሊዝ የስንቅ ሰልፎች ተበታተኑ፤ ኦኪንሌክ ግን ሮሜል ከደጀኑ መራቁን አይቶ አልተናወጠም። ካኒንግሃም ኖቬምበር 26 ቀን ተሻረ፤ ሮሜልም ነዳጅ አጥሮት ተመለሰና ቶብሩክ ከከበባ ወጣች። አንድ ጄኔራል በአንድ አገር ያሳየው ችሎታ በሌላ ሜዳ ላይ እንደማይሠራ ይህ ሹመት በደንብ ያሳያል።

ጥያቄ፦ እንግሊዞች ያሸነፉት የጀርመንን ምስጢር ስለሚያነቡ ብቻ ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ "ብቻ" የምትለዋን እናውጣት። ምስጢር ማንበቡ በሁለቱም በኩል ነበር። ካይሮ የነበረው የአሜሪካ ወታደራዊ አታሼ ኮሎኔል ፌለርስ ስለ እንግሊዝ ጦር ዝርዝር ሪፖርት ወደ ዋሽንግተን ሲልክ፣ ጣሊያኖች ኮዱን ሮም ከሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ሰርቀው ስለነበር ሪፖርቱ ለሮሜል ይደርሰው ነበር። ከዚህ በተጨማሪ ዜቦም በተባለ መኮንን የሚመራ የራዲዮ ጠለፋ ክፍል ግንባር ድረስ ተጠግቶ የእንግሊዝ አዛዦችን ወሬ ያዳምጥ ነበር። የፌለርስ ምንጭ በጁን 1942 መጨረሻ ተዘጋ፤ የዜቦም ክፍል ደግሞ ጁላይ 10 ቀን አውስትራሊያውያን ቴል ኤል ኤይሳ ላይ ሲያጠቁ ተደመሰሰ። ሮሜል ከዚያ ወዲህ ጋዛላ ላይ ያሳየውን ዓይነት ቀድሞ የማወቅ ችሎታ አላሳየም።

በእንግሊዝ በኩል ደግሞ የኮድ ፈቺዎቻቸው ማዕከል ብሌችሊ ፓርክ የሚፈታው መልእክት ከሁሉም በላይ የጠቀመው የነዳጅ መርከቦች መቼና ከየት እንደሚነሡ ማሳወቁ ነበር። ጠላት እንዳይጠረጥር መጀመሪያ አንድ የቅኝት አውሮፕላን ሆን ተብሎ እንዲታይ ይላካል፤ ቀጥሎ አጥቂዎቹ ይመጣሉ። ኦክቶበር 26 ቀን ፕሮዘርፒና የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ ቶብሩክ ልትደርስ ስትል የተቃጠለችው በዚህ መንገድ ነው። በተጨማሪም እንግሊዞች በሰሜን በኩል እውነተኛ ታንኮችን በሸራ ሸፍነው ካሚዮን አስመሰሏቸው፤ በደቡብ ደግሞ የውሸት የውሃ ቧንቧ በዝግታ እየዘረጉ ጥቃቱ ገና ነው፣ የሚመጣውም በዚያ በኩል ነው አሰኙ። ይህ ሁሉ ሆኖ መስመሩን ለመስበር 12 ቀን የፈጀ ውጊያና ከ13,000 በላይ ሙትና ቁስለኛ አስፈልጓል።

ጥያቄ፦ በኤል አላሜይን የነበረው የፈንጂ ሜዳ እንዴት ታለፈ?

መልስ፦ ሮሜል ያስቀበረው ግማሽ ሚሊዮን ሊደርስ ጥቂት የቀረው ፈንጂ ነበር። ከእነዚህ አብዛኞቹ ፀረ ታንክ ስለሆኑ የእግረኛ ክብደት አያፈነዳቸውም፤ በመጀመሪያው ሌሊት እግረኛው ጦር ቀድሞ በላያቸው የተራመደው በዚህ ምክንያት ነው። ከኋላው መሐንዲሶች ተከተሉ። የፖላንዱ መኮንን ኮሳትስኪ የፈለሰፈው በጆሮ ማዳመጫ የሚሠራ የፈንጂ መፈለጊያ 500 ያህል ተሰጥቷቸው ነበር፤ በእጅና በሳንጃ ሲፈለግ በሰዓት 100 ካሬ ሜትር ያህል ይጸዳ የነበረው በዚህ መሣሪያ ወደ 200 ከፍ አለ። መሣሪያው ቆሞ መሥራትን ስለሚጠይቅ ግን መሐንዲሱ በተኩስ መካከል ቀጥ ብሎ መሄድ ነበረበት፤ ሲበላሽ ደግሞ ተንበርክኮ ወደ ሳንጃው ይመለሳል። የተገኘው ፈንጂ ከሥሩ ሌላ ማጥመጃ እንደሌለው በጣት ተዳብሶ ይነሣል፤ የጸዳው መንገድ ጠርዝ በነጭ ጥብጣብ ይታጠራል፣ ከኋላ ለሚመጡት ታንኮችም የተከለለ ፋኖስ ይተከላል። ከፊታቸው በሚሽከረከር ሰንሰለት መሬቱን እየገረፉ ፈንጂ የሚያፈነዱ ጥቂት ማቲልዳዎችም ነበሩ፤ የሚያስነሡት አቧራ ነጂውን ስለሚያሳውርና ሞተራቸውም ቶሎ ስለሚግል ከሰው እጅ የበለጠ ሥራ አልሠሩም።